ብረት የሚቆርጥ ባንድ ሶ፦ ከማሽኑ በፊት ጥርሱን ምረጡ

ከቃሊቲ ወዲያ ወደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ስትሄዱ መንገድ ዳር የተደረደሩት ብረታ ብረት ቤቶች ዕቃቸው ተመሳሳይ ነው። የብየዳ ማሽን፣ ሁለት ሦስት ግራይንደር፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ባለ ዲስክ ካተር። በርና መስኮት እስከሠሩ ድረስ ይኼው ይበቃል። ሥራው ወደ መጋዘን ምሰሶ፣ ወደ ሻፍትና ፍላንጅ፣ ወደ ወፍጮ ቤት መለዋወጫ ሲያድግ ግን ዲስኩ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ብረቱ ይግላል፣ ጎረቤትም በጩኸቱ ይማረራል። «ባንድ ሶ ብገዛስ?» የሚባለው ያኔ ነው፤ ባንድ ሶ ማለት በሁለት ጎማ ላይ በተወጠረ ባለ ጥርስ የብረት ቀበቶ (ብሌድ) የሚቆርጥ መጋዝ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ደግሞ ሁልጊዜ ዋጋውና የሞተሩ የፈረስ ጉልበት ነው።

ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ጥያቄዎች አይደሉም። ባንድ ሶ ላይ ብረቱን የሚቆርጠው ብሌዱ ነው። የማሽኑ ሥራ ብሌዱን ወጥሮ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ በልኩ ማዞርና በልኩ መጫን ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ የለውም። ስለዚህ ምን ዓይነት ብረት፣ በምን ውፍረት፣ በቀን ምን ያህል እንደምትቆርጡ ሳታውቁ ማሽን መምረጥ እግርን ሳይለኩ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

በዲስክና በጥርስ መካከል ያለው ልዩነት

ካተሩ ብረቱን ይፈጨዋል እንጂ አይቆርጠውም ማለት ይቻላል። ባለ 355 ሚሊ ሜትሩ (14 ኢንቹ) ዲስክ በደቂቃ 4,300 ጊዜ ገደማ ሲዞር ጠርዙ በሰከንድ 80 ሜትር ይሮጣል። ባንድ ሶ ተራ ብረት ሲቆርጥ የብሌዱ ፍጥነት ቢበዛ 80 ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህ ግን በሰከንድ ሳይሆን በደቂቃ ነው። የስልሳ እጥፍ ልዩነት አለው። ዲስኩ በፍጥነቱ ብረቱን አግሎ እየፈጨ ሲያልፍ፣ የባንድ ሶ ጥርስ ግን እንደ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚልጥ ማሽን) ቢላ ብረቱን እየላጠ፣ እየጠቀለለ ያወጣዋል። ብልጭታ የለም፣ ጩኸቱ ትንሽ ነው፣ የተቆረጠው ብረት ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእጅ ይነካል።

ብዙ ሰው «ብረት ይቆጥባል» እያለ ይገዛዋል። ይቆጥባል፣ ግን የሚወራውን ያህል አይደለም። ዲስኩ በአንድ ቁርጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብረት ይበላል፤ የባንድ ሶ ብሌድ 1.5 ገደማ። አንድ ባለ 6 ሜትር ብረት ባለ 10 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ብትቆራርጡት በዲስኩ 58፣ በባንድ ሶው 59 ቁራጭ ታገኛላችሁ። ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። መካከለኛ ካርቦን ያለው የሻፍት ብረት በዲስክ ሲቆረጥ ጠርዙ ግሎ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል። ቶርኖ ቤት ስትወስዱት ባለሙያው «ይሄን በምን ቆረጣችሁት?» ብሎ ፊቱን የሚያጠቁረው ቢላው ያንን ጠርዝ ስለማይደፍረው ነው። መሰርሰሪያም እንደዚሁ ይበላል። በባንድ ሶ የተቆረጠ ብረት እንዲህ ያለ ጠርዝ የለውም። ሌላው ጥቅም ማሽኑን አስተካክላችሁ ከለቀቃችሁት ራሱ እየቆረጠ እናንተ ወይም ረዳታችሁ ሌላ ሥራ ላይ መሆን መቻላችሁ ነው። ወፍራም ድፍን ብረት ለመቁረጥ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ካተሩ ላይ ግን አንድ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ እጀታውን ተጭኖ ይቆማል።

ከዚህ ተነስቼ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ሥራችሁ ኤል፣ ቲ እና ዜድ ቅርጽ ባለው ስስ ብረት የሚሠራ በርና መስኮት፣ ግድግዳው 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ካሬ ብረት)፣ የአጥር ጌጥ ከሆነ ባንድ ሶ አትግዙ። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ካተርና ጥሩ ብየዳ ማሽን ይገዛል። ስስ ብረት ለባንድ ሶ ጥርስ ጠላት ነው፤ ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

የጥርስ ቁጥር

ብሌድ ስትገዙ በመጀመሪያ የሚነገራችሁ በአንድ ኢንች (25.4 ሚሊ ሜትር) ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለው ነው። ባለ 14 ከሆነ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 24 ከሆነ ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ባለ 6 ከሆነ ከ4 ይበልጣል። የቆየው ደንብ እንዲህ ነው፦ በማንኛውም ጊዜ ብረቱ ውስጥ ቢያንስ 3 ጥርስ ይኑር፤ ከ6 እስከ 12 ቢሆን ይመቻል፤ ከ24 ግን አይለፍ።

ከ3 ሲያንስ ምን እንደሚሆን በአንድ 40 በ 40 ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ እንየው። ብሌዱ ባለ 14 ነው እንበል። መጀመሪያ የሚያርፈው የላይኛው ግድግዳ ላይ ነው፤ በ40 ሚሊ ሜትሩ ውስጥ 22 ጥርስ ይገባል፤ ሸክሙ ተከፋፍሏል፤ ድምፁም የተስተካከለ ነው። ያ ግድግዳ እንዳለቀ ብሌዱ ወደ ሁለቱ ቋሚ ግድግዳዎች ይወርዳል። አሁን በእያንዳንዱ ግድግዳ ውስጥ ያለው አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ቅድም ሃያ ሁለት ጥርስ የተሸከመው የክንዱ (ብሌዱን ይዞ ወደታች የሚወርደው የማሽኑ ክፍል) ክብደት በአንዴ ሁለት ጥርስ ላይ ወደቀ። ግድግዳው በሁለት ጥርሶች መካከል ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ቀጣዩ ጥርስ መጥቶ በጠርዙ ይላተመዋል። ድምፁ ወደ «ቀጭ ቀጭ» ይለወጣል። አንዱ ጥርስ ሲሰበር ከኋላው ያለው የእሱንም ድርሻ ስለሚነክስ ይሰበራል፤ ከዚያም ቀጣዩ። ከጥቂት ቁርጥ በኋላ ብሌዱን አውጥታችሁ ስታዩት አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ራሰ በራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። «ብሌዱ ፎርጅድ ነው» ተብሎ ሻጩ ይሰደባል፤ ብሌዱ ግን ጥፋት የለበትም።

ለቱቦ ሙሉ በሙሉ ደንቡን ማሟላት ከባድ ነው፤ ጥርሱን ስታበዙ ደግሞ የላይኛው ግድግዳ ላይ ከመጠን ያለፈ ጥርስ ይገባል። ስለዚህ መሀል መንገድ ይፈለጋል። ለዚህ ተብለው የተሠሩት የጥርሳቸው ርቀት እየተቀያየረ የሚሄድ ብሌዶች ናቸው፤ 10/14 (በአንድ ኢንች ከ10 እስከ 14 ጥርስ)፣ 14/18 እየተባሉ ይጠራሉ። ርቀቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ መንቀጥቀጡና ጩኸቱ ይቀንሳል። ለ2 ሚሊ ሜትር ግድግዳ 14/18፣ ለ3 እና ለ4 ሚሊ ሜትር 10/14 ይዛችሁ የክንዱን አወራረድ ብታቀዘቅዙት ጥርስ ሳይረግፍ ይሠራል። ለ1.2 ግን ልፋቱ አያዋጣም።

አቀማመጥም ይረዳል። ካሬውን ቱቦ በጎኑ ሳይሆን በማዕዘኑ ብታቆሙት ብሌዱ ግድግዳውን በሰያፍ ስለሚያቋርጠው 2 ሚሊ ሜትሩ 2.8 ይሆናል፤ ከላይ ያለው 40 ሚሊ ሜትር ዝርግ ግድግዳም አይኖርም። ይህን ለማድረግ የቪ ቅርጽ ያለው መያዣ በዚያው በወርክሾፓችሁ መበየድ ትችላላችሁ። አንግል ብረት ደግሞ በአንድ ክንፉ አስተኝታችሁ አትቁረጡ፤ እንደ ቤት ጣሪያ ሁለቱን ክንፎች ወደታች አድርጋችሁ ድፉት። ብሌዱ ከጫፉ ጀምሮ ሁለቱንም ክንፎች እኩል ይዞ ይወርዳል።

ድፍን ብረት ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ክብ ብረት በባለ 14 ብሌድ ብትቆርጡ እስከ 27 ጥርስ በአንድ ጊዜ ይገባል። እያንዳንዱ ጥርስ የላጠውን ፍቅፋቂ ይዞ የሚወጣበት ጉድጓድ ትንሽ ስለሆነ በመሀል ይሞላል፤ የሞላ ጥርስ አይነክስም፣ ይንሸራተታል፣ ይግላል። ክንዱን ብትጫኑት ብሌዱ ወደ ጎን ይሸሻል። ለ25 ሚሊ ሜትር ድፍን 8/12 ወይም 10/14፣ ለ50 ሚሊ ሜትር 5/8 ወይም 6/10፣ ለ100 ሚሊ ሜትር 4/6 ወይም 3/4 ይዛችሁ ጀምሩ። አንድ ብሌድ ለሁሉም ሥራ የሚሆን የለም። ብሌድ መቀየር አስር ደቂቃ ይፈጃል ብሎ በተሳሳተው መቁረጥ ግን በጣም የተለመደ ነው።

ስለ ብሌዱ ብረት ረዥም ወሬ አያስፈልግም። ርካሹ ሁለመናው የካርቦን ብረት ነው፤ ጥርሱ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬው ይለቃል። ባይሜታል የሚባለው ጀርባው የሞላ ብረት፣ የጥርሱ ጫፍ ደግሞ ከኤም 42 የተሠራ ነው፤ ኤም 42 ማለት 8 በመቶ ያህል ኮባልት ያለው፣ እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ሲግል እንኳን ጥንካሬውን የማይለቅ ብረት ነው። ዋጋው በደንብ ይበልጣል። ስቴንለስ ወይም የሻፍት ብረት ለሚቆርጥ ሰው ግን ምርጫ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ባይሜታል ብቻ።

ፍጥነቱን በጠመኔ ለኩት

ተራ ብረት ባይሜታል ብሌድና ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ካለ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ሜትር ይሄዳል። በደረቁ ከሆነ ከዚያ ዝቅ አድርጉት። ስቴንለስ ከ25 እስከ 35 ነው። የካርቦን ብሌድ ከያዛችሁ ተራውንም ብረት ከ40 ባታሳልፉት ጥሩ ነው። ስቴንለስን በተራ ብረት ፍጥነት የጀመረ ሰው ብሌዱን በአንድ ቁርጥ ሊጨርሰው ይችላል። ስቴንለስ ጥርስ ሳይነክሰው ከተፈተገ ላዩ ይጠነክራል፤ ያ ከሆነ በኋላ በምንም አይደፈርም። በዝግታ፣ ግን ጫን ብሎ ነው የሚቆረጠው።

ትንንሾቹ ማሽኖች ቺንጋውን ከአንዱ ፑሌጃ ወደ ሌላው በማዛወር ሦስት ፍጥነት ይሰጣሉ፤ ብዙ ጊዜ 24፣ 37 እና 61 ሜትር አካባቢ ነው። ሁለተኛ እጅ ማሽን ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አትመኑ፤ ፑሌጃው ወይም ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ብሌዱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ብረት ሳይነካ አስነሱትና ምልክቱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ቁጠሩ። ብሌዱ 2.36 ሜትር ከሆነና 25 ጊዜ ካለፈ ፍጥነቱ 59 ሜትር ነው። ከዚህ የሚቀል መለኪያ የለም።

አሁን ወደ ማሽኑ

ለብረት ቤት የሚሆነው አግድሙ ነው፤ ክንዱ ከላይ ወደታች እየወረደ የሚቆርጠው። ቁሙ ላሜራና ፕሌት ላይ ቅርጽ ለማውጣት ነው። በእጅ የሚያዘው ትንሹ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቧንቧ ለሚቆርጥ ሰው እንጂ ለወርክሾፕ አይደለም።

አግድሞቹ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጀምርባቸው ሁለት መጠኖች አሉ። ትንሹ በሚቆርጠው ብረት ልክ «4 በ 6 ኢንች» የሚባለው ነው፤ ብሌዱ 1,640 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመትና 13 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ለሞካሪ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብሌድ ወፍራም ብረት ውስጥ ሲገባ ለመጠማዘዝ ቅርብ ነው። ከእሱ ከፍ የሚለው «7 በ 12» 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ 2,360 ገደማ ርዝመት ያለው ብሌድ ይይዛል። በሥራዬ ነው የምኖረው የሚል ሰው ከዚህ ባይወርድ እመክራለሁ። ከዚህም በላይ ያሉት 27 በ 0.9 ሚሊ ሜትር ብሌድ የሚወስዱት ናቸው፤ ይህ ልክ በዓለም ላይ በሰፊው የሚመረት በመሆኑ የጥርስ ምርጫው ብዙ ነው። ማሽኑን ከመክፈላችሁ በፊት የብሌዱን ርዝመትና ስፋት ጻፉና ይዛችሁ መርካቶ ውረዱ፤ በዚያ ልክ ብሌድ ያለው ወይም ከጥቅል ቆርጦ በይዶ የሚሰጥ ካጣችሁ ያን ማሽን ተዉት። ልኩ የማይገኝ ብሌድ የሚጠይቅ ማሽን በነጻም ውድ ነው።

ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚያስተውለው ደግሞ 45 ዲግሪ እንዴት እንደሚቆርጥ ነው። ርካሾቹ ላይ የሚዞረው ሞርሳው (ብረቱን ጨምቆ የሚይዘው መንጋጋ) ነው። ሞርሳው ሲዞር የያዘው ባለ 6 ሜትር ብረትም አብሮ ይዞራል። ሰፊ ግቢ ካላችሁ ችግር የለውም። ሱቃችሁ በሁለት ቆርቆሮ አጥር መካከል የተቀነበበ ከሆነ ግን የብረቱ ጫፍ ጎረቤት ግቢ ወይም አስፋልት ላይ ነው የሚያርፈው። ክንዱ ራሱ የሚዞር ማሽን ብረቱን ባለበት ያስተኛውና ማዕዘኑን እሱ ይይዛል። ለጠባብ ቤት ተጨማሪው ገንዘብ ለዚህ ቢከፈል አይቆጭም።

ክንዱ የሚወርድበት መንገድም ይለያያል። አንዳንዱ በሞላ ተይዞ ነው የሚወርደው፤ የተሻለው ሃይድሮሊክ ሲሊንደር አለው፤ ቫልቩን አጥብባችሁ ወይም አስፍታችሁ አወራረዱን ትወስናላችሁ። ሃይድሮሊክ ያለውን ውሰዱ። ቱቦ ስትቆርጡ ያ ድንገት ወደ ቀጭን ግድግዳ መውረድ ጥርስ እንዳይሰብር የሚያደርገው እሱ ነው።

ሁለተኛ እጅ ከሆነ ጊርቦክሱን ክፈቱ፤ ዘይቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ብናኝ ካለ የነሐሱ ጥርስ እየተበላ ነው። ብሌዱን ቀጥ አድርገው የሚመሩትን ኩሽኔታዎች በጣት አዙሩ፤ የሚንኳኳ ወይም የሚቆራረጥ ካለ አስቀይሩ፤ ይህ ቀላል ወጪ ነው። ከዚያ ወፍራም ክብ ብረት አስገቡና እንደ ሳንቲም ስስ የሆነ ቁራጭ ቁረጡ። ዙሪያውን አራት ቦታ በካሊፐር ለኩት። ልዩነቱ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ካላለፈ ማሽኑ ደህና ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ ሻጩ ብሌዱን በአዲስ ቀይሮ ደግሞ እንዲቆርጥ ጠይቁ፤ ያኔም ካልተስተካከለ ክንዱ ወይም የክንዱ መታጠፊያ ላይ ችግር አለ።

መብራቱ

አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ማሽን የሚገዛ ሰው መስመሩን ማወቅ አለበት። ባንድ ሶ በዚህ በኩል ደግ ነው፤ የ7 በ 12ቱ ሞተር 1.1 ኪሎ ዋት አካባቢ ሲሆን ካተሩ ግን ከ2 ኪሎ ዋት ይበልጣል። ነገር ግን የመስመር መጨረሻ ላይ ያለ ቤት ማታ ማታ 220 የነበረው 180 ቮልት ሊሆን ይችላል። የሞተር ጉልበት ከቮልቱ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፤ በካሬው ነው። 180 ላይ ከጉልበቱ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ሞተሩ ሲያቃስት ማሽኑን ከመውቀስ በፊት ቮልቱን ለኩ።

ከውጭ የመጣ ሁለተኛ እጅ ከሆነ የሞተሩን ፕሌት አንብቡ። 60 ኸርዝ የሚል ወይም 1,725 ዙር የሚል ከሆነ የኛ 50 ኸርዝ ላይ ፍጥነቱ በስድስተኛው ያንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ሌላው ፕሌቱ የማይነግራችሁ ነገር ከፍታ ነው። ሞተሮች አቅማቸው የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ታስቦ ነው፤ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ ስስ አየር ደግሞ ሞተርን በደንብ አያቀዘቅዝም። የአየራችን ቅዝቃዜ አብዛኛውን ያካክሰዋል፤ ሆኖም የሞተሩን የማራገቢያ ክዳን አቧራ እንዳይደፍነው ማጽዳት ለኛ ከሌላው ይበልጥ ግዴታ ነው።

ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) ማሽን ከሆነ ሱቅ ስትቀይሩ ወይም መስመር ሲጠገን የፌዙ ተራ ይቀየርና ብሌዱ ወደኋላ ሊዞር ይችላል። ጥርሱ በጀርባው እየፈተገ ይደነዝዛል። ከመጀመሪያው ቁርጥ በፊት አንዴ አስነስታችሁ አቅጣጫውን እዩ፤ ከተገለበጠ ኤሌክትሪሺያን ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱን ያቀያይራቸዋል።

መሀል ላይ መብራት ሲሄድስ? ብሌዱ ይቆማል፤ የክንዱ ክብደት ግን ብረቱ ውስጥ በገቡት ጥርሶች ላይ እንዳረፈ ይቀራል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ከተነሳ ሁለት ነገር ያጋጥማል፦ ጥርሶቹ ከቆሙበት በሙሉ ሸክም ሲጎተቱ ይረግፋሉ፤ ያኔ ብሌዱን እየነካካ ያለ ረዳት ካለ ደግሞ እጁ ይቆረጣል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ማጥፊያውን አጥፉ፣ ክንዱን አንሱ። ማብሪያው ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚለቅ፣ ዳግም ካልተጫነ የማይነሳ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ኮንታክተር አስገጥሙለት። ከዚህ ማሽን ጋር ከሚወጡ ወጪዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ትርፍ ያለው የለም።

መቁረጥ

ብረቱ በሞርሳው ውስጥ መነቃነቅ የለበትም። ረዥሙ ብረት በሌላው ጫፍ ከማሽኑ ጠረጴዛ ጋር እኩል ከፍታ ባለው ድጋፍ ላይ ይረፍ፤ ጫፉ ካዘነበለ ቁርጡ ስኳድራ (ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ) አይሆንም። አጭር ቁራጭ በሞርሳው አንድ ጫፍ ስትይዙ ደግሞ በሌላው ጫፍ እኩል ውፍረት ያለው ብረት አስገቡ፤ ካልሆነ የሞርሳው መንጋጋ ይዘምምና ቁራጩ በመሀል ይዞራል፤ ብሌድ ከሚበጥሱ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ተንቀሳቃሹን የብሌድ መሪ ሞርሳውን ሳይነካ የቻላችሁትን ያህል ወደ ብረቱ አስጠጉ። በሁለቱ መሪዎች መካከል የተንጠለጠለው ብሌድ በረዘመ ቁጥር ይወላገዳል።

ብሌዱ መጀመሪያ ይነሳ፣ ከዚያ ክንዱ ይውረድ። በጥርሱ ብረቱ ላይ አስተኝቶ ማስነሳት ክልክል ነው።

አዲስ ብሌድ የጥርሱ ጫፍ እንደ መርፌ ስለት ነው፤ ይህ ስለት ወዲያው በሙሉ ጭነት ከተሠራበት ይሸረፋል። ፍጥነቱን ሳትቀንሱ ጭነቱን በግማሽ ቀንሱና የመጀመሪያውን 300 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ተራ ብረት ቁረጡበት። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ክብ ብረት አንዱ ቁርጥ 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 15 ቁርጥ ማለት ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ጭነት ሂዱ። ይህን ያልፈጸመ ሰው የብሌዱን ግማሽ ዕድሜ በመጀመሪያው ቀን ሊያጠፋ ይችላል። አሮጌ ብሌድ በመሀል ቢበጠስ አዲሱን በዚያው ቁርጥ ውስጥ አታስገቡ፤ አዲሱ ጥርስ ሰፋ ስለሚል ይጣበቃል። ብረቱን ገልብጣችሁ ከሌላ ጎን ጀምሩ።

ጭነቱ ልክ መሆኑን የሚነግራችሁ ፍቅፋቂው ነው። አንድ ጭብጥ ከትሪው ላይ በብሩሽ ጠርጋችሁ ተመልከቱት። እንደ ተልባ ደቃቅ ዱቄት ከሆነ ጥርሱ አይነክስም፣ ይፈትጋል፤ ጭነቱን ጨምሩ ወይም ፍጥነቱን ቀንሱ። ወፍራም፣ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሆነ ጭነቱ በዝቷል ወይም ፍጥነቱ ከፍ ብሏል። የብር ቀለም ያለው፣ የተጠቀለለ፣ ለብ ያለ ከሆነ ምንም አትንኩ። ብሌዱን የሚጠርገው ትንሹ የሽቦ ብሩሽ ካለቀ ቀይሩት፤ ፍቅፋቂውን ይዞ ወደ ብረቱ ተመልሶ የሚገባ ጥርስ ይሰበራል።

ለማቀዝቀዣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያንጠባጥቡ አሉ። ይጨሳል፣ ወለሉን ያንሸራትታል፣ ቆዳንም ይጎዳል። ለቶርኖ የሚሸጠውን ከውሃ ጋር የሚደባለቅ ዘይት ግዙ፤ ለ20 ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 2 ሊትር ይበቃል። ዘይቱን ወደ ውሃው ነው የምትጨምሩት፤ ተገላቢጦሹ አይደባለቅም፣ ይቋጠራል። ሰኞ ጠዋት ሲከፈት የሚሸት ከሆነ ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ታንከሩ ይታጠብ። የቆሸሸውን ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ከዚያ የሚቀጥለው አቃቂ ወንዝ ነው። የምትቆርጡት ጊዛ (ካስት አይረን) ከሆነ ግን ያለ ፈሳሽ፣ በደረቁ ቁረጡት።

ቁርጡ ሲጣመም

መጀመሪያ የተቆረጠውን ፊት ተመልከቱ። ፊቱ ለጥ ያለ ሆኖ ሁሉም ቁራጭ በአንድ ዓይነት ማዕዘን ከተጣመመ ሞርሳው ወይም ክንዱ ከስኳድራ ወጥቷል፤ ቁልፍ አንስታችሁ ታስተካክላላችሁ። ፊቱ ጎድጓዳ ወይም ጉብታ ከሆነ፣ ወይም መጣመሙ ከቁርጥ ቁርጥ ከተለያየ ግን ማሽኑን አትፍቱ። ብሌዱ ደንዝዟል፣ ወይም ላልቷል፣ ወይም ጭነቱ በዝቷል። ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚሸሽ ብሌድ በአብዛኛው የዚያን ተቃራኒ ጎን ጥርስ አጥቷል፤ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ወገን ሲበላ ሌላው ብቻውን ይጎትታል። የብየዳ ጉብታ ወይም ሞርሳውን የነካ ብሌድ እንዲህ ይሆናል። የሚታከም አይደለም፤ ይቀየራል።

ውጥረቱ ማሽኑ ላይ መለኪያ ካለው በመለኪያው፣ ከሌለው በማሽኑ መመሪያ መሠረት ነው። ማታ ስትዘጉ አላሉት፤ ተወጥሮ የሚያድር ብሌድ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ የፑሌጃ ኩሽኔታውንም ይጎዳል።

ጓንት ብሌድ ስትቀይሩ አድርጉ፣ ማሽኑ ሲዞር አውልቁ፤ ዝግ ብሎ የሚሄድ ጥርስ ጓንት ከያዘ እጅን ይዞ ይገባል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንዘለዘለ እጅጌም እንዲሁ። የዓይን መነጽር ሁልጊዜ።

ያለቀ ብሌድ የሚታወቀው ጊዜው ሲረዝም ነው፤ ሦስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ብረት በዚያው ጭነት አምስት ከሆነ ጨርሷል። በመጣያው አታከማቹት። ተጠቅልሎ የታሰረ ብሌድ ገመዱ ሲፈታ እንደ ሞላ ይፈናጠራል፤ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ማሽኑ ላይ ሳለ ውጥረቱን ሙሉ በሙሉ አላሉት፣ አውጥታችሁ በላሜራ መቀስ ክንድ ክንድ የሚያህል አድርጋችሁ ቆራርጡት፣ ጥርሱን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ በሽቦ እሰሩት።